አንበሳ ወይስ ሚዛን

የኮሌጃችን የክርክር ቡድን ሦስት ሰው ነበር። ሦስታችንም የጅማ ልጆች ነን። ግቢው በር ላይ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ስም አውጥተውልናል። ቀድሞ የሚናገረው አቦል ነው። ተከትላው የምትነሣው ቶና ናት። መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ሁለቱ ያሉትን የሚደግመው በረካ ነው፤ እሱ እኔ ነኝ። በረካ ምን እንደሆነ ቡና ጠጪ ያውቀዋል። ቀለሙ ሻይ ይመስላል። ግን በረከት አለው ስለሚባል ጥሎ መነሣት ነውር ነው።

መቼም ክርክር ለኛ አገር ብርቅ አይደለም። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ነገር በግጥም እያዋዙ ሲሟገቱ ኖረዋል። ዳኛ ሲጠፋ መንገደኛ ይቆማል። «በምኒልክ አምላክ!» ካሉት ገበያ የሚሄደውም ሰውዬ አህያውን አቁሞ ይሰማል። ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ይወራረዳሉ። ዛሬ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያው ሙግት የተረፈን ነው። ባለዕዳና ባለገንዘብ ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። እስቲ አስቡት፤ ከተጣላችሁት ሰው ጋር ታስራችሁ አቀበት ስትወጡ። እኔ እንኳን ከጠላቴ ጋር፣ ከአቦል ጋር ባንድ ባጃጅ መሄድ ይከብደኛል።

በዚያ ሙግት ግን አንድ ነገር አይዛነፍም። ላሟ ያንተ ከሆነች «ላሚቱ የኔ ናት» ትላለህ። የሰውዬው ናት ብለህ የምትሟገትበት ምክንያት የለም።

እንግሊዞች መጡና ይቺን አበላሹ። የተማሪዎቻቸው የክርክር ማኅበራት የቆዩ ናቸው፤ የካምብሪጁ እ.ኤ.አ. በ1815፣ የኦክስፎርዱ በ1823 ተቋቁመዋል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚካሄደው የውድድር ክርክር ብዙ ነገሩን ከነሱ ወርሷል። በዚህ ውድድር የምትደግፈውን አንተ አትመርጥም፤ ዕጣ ይወጣልሃል። የወጣልህን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ከልብህ እንዳመንክበት ትናገራለህ። ርዕሱም «ይህ ቤት ያምናል» ብሎ ይጀምራል።

ይህን ለእትዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር።

«የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

«እንዲያው አባባል ነው፣ እትዬ። የማንም አይደለም።»

«ባለቤት የሌለው ቤት ነዋ እንዲህ የሚቀባጥረው» ብለው ከሰሉን አራገቡት።

ውድድሩ ኅዳር ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው ርዕስ ሞባይል ከመማሪያ ክፍል ይውጣ የሚል ነበር። ይውጣ ባይ ሆንን። አቦል እጁን እያወናጨፈ ሞባይል ትውልዱን እንዴት እንደበላው ሲዘረዝር አንዷ ተጋጣሚያችን ለጥያቄ ተነሣች። «ሰዓት የያዛችሁት በምንድን ነው?» አለች። አቦል እጁን አየው። ሞባይሉ እየቆጠረ ነበር። ተሸነፍን።

ሁለተኛውን ያሸነፈልን የጅማ ዝናብ ነው። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቶና ተነሥታ «የተከበራችሁ ዳኞች» ከማለቷ ወረደው። የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ቤቱ ላይ ሲያራግፍ ያስበው። ቶና አላቆመችም። ዳኞቹም ደንቡ ስለማይፈቅድ ይሁን ስላፈሩ አላስቆሟትም። ሰባት ደቂቃ አፏ ሲንቀሳቀስ፣ ጣቷ ሲወጣ ሲወርድ፣ አንድ ጊዜም ጠረጴዛ ስትመታ አየን። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። የዕለቱ ምርጥ ተናጋሪ ተባለች።

በሦስተኛው ዙር ተጋጣሚዎቻችን ሳይመጡ ቀሩ። በግንቦት ለፍጻሜ ደረስን።

ለፍጻሜው አቦል በርጫ ቤት ገብቶ ተዘጋጀ። ጅማ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የበርጫ ቤት ፍራሽ ላይ የማይፈታ የዓለም ችግር የለም። ምርቃናው ሲመጣ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ። ጠዋት ሲያነበው ለራሱም አልገባው አለ። «ማታ ግን አንጀት ያርስ ነበር» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ርዕሱን የሰማነው በዕለቱ ነው። ይህ ቤት ቡና የተገኘው ጮጬ ነው ብሎ ያምናል።

አዳራሹ አጨበጨበ። እዚሁ ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ያለችው ጮጬ ለጅማ ሰው ምን እንደሆነች መቼም አይነገርም። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው የጨፈሩበት እረኛ ታሪክ እዚህ የሚተረከው ጮጬ እንደሆነ ተደርጎ ነው። ከፋዎች ደግሞ ያንኑ ታሪክ ከቦንጋ ወዲያ ማኪራ ወስደው ይተርኩታል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ነው የተሠራው። ይህ ነገር እዚህ ከተማ ሲነሣ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ዳኛው አንድ ብር ሳንቲም አወጣ። «አንበሳ ወይስ ሚዛን?» አለ። አቦል «አንበሳ!» አለ። ሳንቲሙ ተሽከርክሮ ወደቀ። ሚዛን።

የከፋ ጠበቃ ሆንን። ጅማ መሀል፣ የጅማ ልጆች፣ እናቶቻችን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠው። የባሰው ግን ወዲያ ማዶ ነው። ለጮጬ እንዲሟገቱ ከወጣላቸው አንዱ የቦንጋ ልጅ ነበር። ሳንቲሙን እንደ ሞት ደብዳቤ አየው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ትዝ አሉኝ። ጎረቤቶቻቸው ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ እሳቸው ግብር ለመገበር ተስማምተው መንግሥታቸውን ይዘው ቆዩ። ጅማ ለእንዲህ ያለው ነገር ዘዴ ታውቃለች። እኔም አንድ ዘዴ መጣልኝ።

አቦል «ኮፊ» የሚለው ቃል ራሱ ከፋ ከሚለው ነው የመጣው ብሎ ከፈተ። የቦንጋው ልጅ ተነሥቶ ቃሉ የዐረብ «ቀህዋ» ነው አለ። ይህን ሲል ላቡን ይጠርግ ነበር። ቶና ቀጠለች። ጎማ ራሷን የቻለች ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ እንጂ የጅማ ግዛት እንዳልነበረች አስረዳች። ዝናብ ስላልነበረ ሁሉም ሰማት። ከሦስተኛ ረድፍ «እሰይ የወለድኩት!» የሚል ድምፅ መጣ። የምርቃት አልነበረም።

ተራዬ ደረሰ። ከኪሴ የአባቴን የደርግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ አወጣሁ። ፎቶው ላይ አባቴ አፍሮውን አጎፍሮ ካሜራውን ይገላምጣል። ሥሩ ያለውን አነበብኩ። ክፍለ ሀገር፣ ከፋ። ከተማ፣ ጅማ።

«የተከበራችሁ ዳኞች» አልኩ፤ «በንጉሡም በደርግም ዘመን የከፋ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ከፋ ያለ ሰው ጅማን ጠራ ማለት ነው። እኛ ከተማችንን አልካድንም። ያባቶቻችንን መታወቂያ አነበብን እንጂ።»

የቦንጋው ልጅ ለጥያቄ እጁን አወጣ። «ሊኔየስ የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1753 ኮፊያ አረቢካ ብሎ ሲመዘግበው መታወቂያ ጠይቆ ነበር?» አለ። እኔ እስከ ዛሬ የሰማሁት ምርጥ ጥያቄ ነው። የመለስኩትን አልነግራችሁም።

ብቻ አሸነፍን። ሁለት ለአንድ።

ዋንጫውን ይዘን በቀጥታ ወደ እትዬ ሄድን። ወሬው ቀድሞናል። ጀበናው ተጥዷል፣ ሲኒው ተደርድሯል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ተሸናፊዎቹ ቀድመውን በርጩማ ይዘዋል። እትዬ አቦሉን ቀዱና ለቦንጋው ልጅ በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ጠጣ የኔ ልጅ። ላገራችን የተሟገትክ አንተ ነህ።»

ልጁ ሲኒውን ይዞ እኛን አየን። አንድ ቃል አልወጣውም። ፉት አለ።

«እትዬ፣ እኛስ?» አልኩ።

«ቡናው የከፋ ነው ካላችሁ እዚያው ሄዳችሁ ጠጡ። ምን ገዷችሁ፣ ሻይ አለ።»

«አምነንበት እኮ አይደለም! ሳንቲም ነው የመረጠልን» አለች ቶና።

እትዬ ማራገቢያውን አስቀመጡ። «ሳታምኑበት? ሰባት ሰባት ደቂቃ? እናታችሁ ፊት?» አሉ። «እኔ አምናችሁ መስሎኝ ይቅር ልላችሁ ነበር።»

አቦል ተስፋ አይቆርጥም። ከኪሱ አንድ ብር አወጣ። «እትዬ፣ በዚህ ይለይልን። አንበሳ ከወጣ ቡና ይሰጡናል። ሚዛን ከወጣ ሻይ።»

ትንሽ አሰቡና «ወርውር» አሉ።

ሳንቲሙ ቄጤማው ውስጥ ገባ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ፈለግነው። ያገኘው የቦንጋው ልጅ ነው።

ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነበር።