በደጋ መንገድ ለሚጓዝ ቫን ነዳጅ ቁጠባ ብቻ አይበቃም
ስለ ቫን ግዢ የወጣው ጽሑፍ አሮጌ ኮምቢን (የቮልስዋገን ሚኒባስን) በዘመናዊ ቫን ለመተካት ዋናው መመዘኛ የነዳጅ ቁጠባ ነው ማለቱ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ተጉዘው መኪናቸው ውስጥ ለሚያድሩ ሰዎች የሚሠራ አይመስለኝም፤ እዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ከፍታውና የናፍጣው ጥራት ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ስለሚያጣ፣ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የሰሜን ተራሮች ካምፕ፣ ሳንቃበር፣ ሲደርስ ሲሶው ይቀንሳል፤ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቅ መሣሪያ) ያለው አሮጌ ኮምቢ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። በዚህ ረገድ ቱርቦ ያለው አዲስ ቫን ያለ ጥርጥር ይሻላል። ነገር ግን ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ የሚያሟሉት የናፍጣ ቫኖች በጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ማጣሪያው የያዘውን አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ በደንብ ሞቆ ሲሠራ በመሆኑ፣ ከጉዞ ውጭ ባሉት ወራት ጎንደር ከተማ ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ እየተመላለሰ የሚውል መኪና በቀላሉ ይደፈንበታል፣ ድኝ የበዛበት ናፍጣም ችግሩን ያባብሰዋል። ከእኔ በፊት የጻፉት አንባቢ ኤሌክትሪክ ቫን ይሻላል ማለታቸው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከመከልከላቸው አንጻር ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲወረድም ፍሬኑ ለባትሪው ኃይል ይመልሳል። ሆኖም ካምፕ ለሚያድር ሰው ባትሪውን የት እንደሚሞላ ከግዢው በፊት ማረጋገጥ ይኖርበታል።