ብልጭ ድርግም ይኑርልን

ከጠረጴዛዬ በላይ የተሰቀለው ፍሎረሰንት አንድ ጫፉ ጠቁሯል። ብልጭ ይላል። ድርግም ይላል። ዝዝዝ ይልና ደግሞ ብልጭ። ይኸው ስምንት ወሩ። ማንም አልነካውም ብል ግን ሰው እበድላለሁ። አንድ ቀን የጥገናው ልጅ መጥቶ በመጥረጊያ እንጨት ሁለቴ ኳ ኳ አደረገው። ሁለት ቀን በደንብ በራ። ከዚያ ወደ ጠባዩ ተመለሰ።

ላማርር አይደለም የተነሳሁት። ላመሰግን ነው። አምፖል ሳይቀይሩ መኖር ትልቅ ጥበብ ነው፤ የጥበቡ ባለቤቶች ደግሞ አለቆቻችን ናቸው። "መብራቱ እኮ..." ብለን ሳንጨርስ "ዓይን ይለምደዋል" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሼ ለምደውታል። ወረቀት በመጣላቸው ቁጥር ብድግ ብለው መስኮት ጋ ይሄዳሉ፣ ወረቀቱን ወደ ሰማይ ከፍ ያደርጋሉ፣ አንብበው ይመለሳሉ። ስፖርት በነጻ! በ60 ዓመት ዓይን ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው። ግን እርጅና የግል ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቱ አላስረጃቸውም። (አስረጅቷቸዋል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።)

የአውሮፓ ደረጃ ለሚነበብበትና ለሚጻፍበት ቢሮ 500 ሉክስ ይጠይቃል። ሉክስ ማለት ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። ሙሉ ጨረቃ አንድ ሉክስ እንኳ አትሞላም። እኛ ከጨረቃዋ እንበልጣለን። ምስጋና ቢስ አንሁን።

ደግሞስ ምን ጎዳን? በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን አያሳውርም፤ ሐቁን እንናገር። ዓይን ያቃጥላል፣ ራስ ይወጋል፣ አንገት ያጣምማል። በቃ! ከአምፖሉ የተረፈውን ገንዘብ እኛ ለራስ ምታት ክኒን እናወጣዋለን። ኪሱ የእኛ መሆኑ ነው እንጂ ቁጠባው ቁጠባ ነው።

ወርክሾፕ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ከእኔ የባሰ ዕድለኛ ነው። የድሮው ባላስት (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚመጥንለት ዕቃ) ያለው ፍሎረሰንት በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይን አያየውም። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር ማሽን በእንዲህ ዓይነት ብርሃን ሥር ቀጥ ብሎ የቆመ ሊመስል ይችላል። እየሠራ የሚያርፍ ማሽን! ጓደኛዬ አንድ ቀን ቆሟል ብሎ እጁን ሰደደ። የጓንቱ ጫፍ ብቻ ሄደ። አለቃው መጥተው "ተጠንቀቅ እንጂ" አሉት። አምፖሉን ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም።

እንቅልፌም ቢሆን አደራጅቶልኛል። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊቱን ለአንጎል ለመንገር የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ በፈረንጆቹ 2002 ነው የታወቁት። ቀኑን ሙሉ ድንግዝግዝ ሲነግሯቸው ምን ያድርጉ? ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አንቀላፋለሁ፣ ሌሊት ጣሪያ ላይ አፈጣለሁ። ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የምተኛው።

የእንግዳ መቀበያ ክፍላችንን ግን ብታዩት! ሠርግ ቤት ነው። እንግዳ አለ አልተባለ ቀን ከሌሊት ይበራል፤ ውስጡ አንድ ሶፋና የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። አበባው በደንብ ያያል።

ትናንት ጉድ ሆነ። የኔ ፍሎረሰንት ጭራሽ ጠፋ። "ጋሼ፣ ምን ይሻላል?" ስላቸው "አመልክቺ" አሉኝ። አመለከትኩ። ምሳ ሳይደርስ የጥገናው ልጅ መሰላል ይዞ መጣ፣ ሌላ ፍሎረሰንት ገጠመ፣ ቦግ አለ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አለቃችን ራሳቸው በር ላይ ቆመው "አየሽ፣ ችግር ሲነገር ይፈታል" አሉኝ።

ማታ ስንወጣ ደረጃው ላይ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ተቀበለን። ለካ ከዚያ ነቅሎ ነው ያመጣልኝ። ጋሼ ትከሻዬን ያዝ አድርገው በእግራቸው እየዳበሱ መውረድ ጀመሩ።

"ልጄ፣ 14 ነው አይደል ደረጃው?"

"15 መሰለኝ ጋሼ።"