የግሪንስቴድ የእንጨት ቤተክርስቲያንና የኛ አጥቢያ

ሰሞኑን በሀገር ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ክርክሩ ጦፏል። ጎጃም ያለችው የተወለድንባት ገጠር የአጥቢያ ቤተክርስቲያን ትፍረስና በብሎኬትና በብረት አዲስ ይሰራ ተብሎ ከለንደንም ከዲሲም ከዱባይም ብር እየተዋጣ ነው፣ እኔም አዋጥቻለሁ። አዲስ መስራቱን አልቃወምም። ዓመታዊ ክብረ በዓል ሲሆን እኮ ግማሹ ህዝብ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው፣ ቦታ የለም። ግን "ይፍረስ" የምትለዋ ቃል ሆዴን ባር ባር አለችው፣ እና ለምን እንደሆነ ለመጻፍ ነው ይሄን የጀመርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ እረፍት ስለነበርኩ ከቤቴ ተነስቼ እዚህ እንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ ግሪንስቴድ የምትባል ገጠር ሄድኩ። ሴንትራል ላይን የሚባለው የለንደን ባቡር ኤፒንግ ድረስ ይወስዳል (ድሮ ኦንጋር ድረስ ይሄድ ነበር፣ 1994 ላይ ተዘጋ)፣ ከዛ በባስ ኦንጋር፣ ከኦንጋር ደሞ በማሳ መሃል በእግር። መጨረሻ ላይ ዛፍ ውስጥ አንዲት ትንሽዬ ቤተክርስቲያን ብቅ ትላለች፣ በእንድርያስ ስም የተሰየመች፣ ነጭ የጣውላ ማማ ያላት። በዓለም ላይ እስካሁን ከቆሙት የእንጨት ቤተክርስቲያኖች አንጋፋዋ ናት ይባላል። ካላወቋት በመኪና አልፈዋት የሚሄዱት አይነት ናት፣ ያን ያህል ትንሽ።

ግድግዳው ነው ጉዱ። ኦክ የሚሉትን ትልልቅ ግንድ ለሁለት ሰንጥቀው ልክ እንደ አጥር ጎን ለጎን አቁመውታል፣ ክቡ ጎኑ ወደ ውጭ ጠፍጣፋው ወደ ውስጥ። በግንድና በግንድ መሃል ደሞ ቦይ ቦይ አውጥተው ቀጭን የእንጨት ልባጥ ሰክተውበታል፣ ንፋስ እንዳይገባ። እጄን አስደግፌ ቆምኩ። እንጨቱ ጠቁሮ ደርቆ ድንጋይ መስሏል፣ ስንጥቁ ውስጥ ጣት ይገባል። የግንዱን ቀለበት የሚቆጥሩ ሰዎች 1960 ላይ 845 ዓመተ ምህረት አካባቢ ነው ብለው ነበር፣ 1995 ላይ እንደገና ሲመረመር ግን ዛፉ የተቆረጠው ከ1063 እስከ 1100 ባለው ጊዜ ነው ተባለ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ከተወራላት ዕድሜ ላይ ሁለት መቶ ዓመት ቢቀነስም ከ900 ዓመት በላይ ነው እንግዲህ፣ የኛ ላስታ ያለው የይምርሃነ ክርስቶስ ዘመን አካባቢ ማለት ነው። እሱም በእንጨትና በድንጋይ ተነባብሮ የተሰራ ነው፣ ግን እሱን ዋሻው ከዝናብ ከልሎለታል። ይቺ ግን የእንግሊዝን ዝናብ ያን ሁሉ ዘመን በራቁቷ ነው የቻለችው።

ታሪኳም ብዙ ነው። ዴኖች (የዴንማርክ ወራሪዎች) የገደሉት የንጉሡ የቅዱስ ኤድመንድ አጽም 1013 ላይ ከለንደን ወደ ቦታው ሲመለስ እዚህ አድሯል ይላሉ፣ እኛ ታቦት በጦርነት ዘመን ሸሽቶ ዝዋይ ደሴት ገባ እንደምንለው ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር መሠረታችሁ ተብለው 1834 ላይ ወደ አውስትራሊያ ከተጋዙት የዶርሴት ገበሬዎች ውስጥ ተፈተው ሲመለሱ እዚህ የሰፈሩ አሉ፣ አንዱ 1839 ላይ በዚችው ቤተክርስቲያን ነው ያገባው። ግድግዳው ላይ ደሞ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ለምጽ ያለባቸው ሰዎች ውጭ ሆነው ቅዳሴውን የሚያዩባት ናት ይባላል፣ የተማሩት ግን የጸበል ማስቀመጫ ሳትሆን አትቀርም ነው የሚሉት። እኔ ግን ቀዳዳዋን ሳይ ያሰብኩት እናቴን ነው፣ አልነጻሁም ብላ የምታስብ ቀን ከግቢው ወይራ ስር ቆማ ነጠላዋን አጣፍታ የምታስቀድሰውን።

የሄድኩበት ዋናው ነገር ግን ከታች ነው ያለው። ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁ ግንዶቹ መሬት አይነኩም፣ ዝቅ ባለ የጡብ ግንብ ላይ ነው የቆሙት። 1848 ላይ እግራቸው በስብሶ ነበር። የዛን ጊዜ ሰዎች ምን አደረጉ፣ የበሰበሰውን እግሩን ብቻ ቆረጡና ከስሩ ጡብ ገነቡለት፣ የቀረውን መልሰው አቆሙት። በእርግጥ በዛው እድሳት ጣሪያውንም መስኮቱንም ብዙ ነክተውታል፣ በዚህ እስካሁን የሚወቅሷቸው አሉ፣ ልክም ናቸው። ከነሱ በፊት የነበሩትም የመቅደሱን ክፍል 1500 አካባቢ በቀይ ጡብ ሰርተውታል፣ ግን ከስሩ ያለውን የጥንት የባልጩት ግንብ ጠርገው አልጣሉትም፣ ዛሬም ይታያል። እንደዛ ነው የቆየችው፣ የጎደለውን እየሞሉ።

የኛዋን እናንተም የገጠር ልጅ የሆናችሁ ታውቋታላችሁ፣ ክብ ናት፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ውጨኛው ዙር ላይ የጽድና የወይራ ምሰሶ፣ ግድግዳው ከገለባ ጋር የተቦካ ጭቃ። እኔ ልጅ ሆኜ ሳር ክዳን ነበረች፣ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ሆነህ አትሰማም፣ ቅዳሴው ብቻ ነው የሚሰማህ። በኋላ ቆርቆሮ መጣና ሁላችንም እልል ብለን ተቀበልን፣ ነገር ግን ሳሩ ወደ ውጭ ክንድ ያህል ይወጣ ነበር፣ ቆርቆሮው ብር እንዲቆጥብ ተብሎ አጠረ፣ እና ክረምት በመጣ ቁጥር ጠፈጠፉ የምሰሶውን እግር ይመታል፣ ምስጡም ከዛው እርጥበት ነው የሚነሳው። ዛሬ "አርጅታለች፣ ልትወድቅብን ነው" የምንላት በዚህ ምክንያት ነው። እርጅና አይደለም እኮ፣ እግሯ ነው የታመመው። ለዚህ ተብሎ አናጢው ስሙ ሳይጻፍ የሞተበት ስራ፣ ሰው ተሸክሞ ከሩቅ ያመጣው ግንድ፣ በሁለት ቀን ፈርሶ ማገዶ ሊሆን ነው። አዲሱ ከጎኗ ቢሰራ ቦታ አለ፣ ግቢው ሰፊ ነው።

እሁድ ማታ አጥቢያችን ያሉት አባ ጋ ደወልኩ። "አባ ይፍቱኝ" ብዬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ፎቶውንም በልጃቸው ስልክ ላኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "አይ ልጄ፣ የፈረንጅ እንጨት ምስጥ አያውቀውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ መልስ አልነበረኝም። "ግን ነገ አየዋለሁ" አሉ።

ሰኞ ቪዲዮ መጣ። አባ ማጭድ ይዘው ምሰሶው ስር በርከክ ብለዋል። ከታች ሲወጉት ማጭዱ ጭቃ እንደሚገባ ነው የገባው፣ ዱቄት ፈሰሰ። ከጉልበት ከፍ ብለው ወጉት፣ ትንሽ ገባ። ከዛ ተነሱና ደረታቸው ትክክል በማጭዱ ጀርባ መቱት፣ ጠንካራ እንጨት ሲመታ የሚያወጣውን ድምጽ አወጣ፣ ቂው አለ። እንደገና መቱት። ከዛ ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ሄዱ፣ ወደ ሦስተኛው፣ ልጁ ስልኩን ይዞ ከኋላቸው እየተከተለ፣ ቪዲዮው እስኪያልቅ ዙሪያውን አንድ በአንድ እየመቱ ነበር።