እርማት፦ የዳንቴ ሰይጣን ያለው በበረዶ ውስጥ ነው

ወንድሜ፣ ጅማ ላሉ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ባዘጋጀኸው ማስታወሻ «የዳንቴ ሰይጣን በእሳት መካከል በዙፋን ተቀምጦ ሲኦልን ይገዛል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ የጣሊያናዊው ገጣሚ የዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» የተባለው ግጥም ግን ይህን አይልም። እሳት ያለው ከላይ ባሉት የሲኦል ክበቦች ነው። «ሲኦል» በተባለው የግጥሙ ክፍል፣ 34ኛው መዝሙር ላይ ሰይጣን እስከ ደረቱ በበረዶ ሐይቅ ውስጥ ተይዟል። ሦስት ፊት አለው፦ የመካከሉ ቀይ፣ የቀኙ ነጣ ያለ ቢጫ፣ የግራው ጥቁር። የሌሊት ወፍ ክንፍ የሚመስሉ ስድስት ክንፎቹ ሲርገበገቡ ነፋሱ ሐይቁን በረዶ ያደርገዋል፤ እስር ቤቱን የሚሠራው ራሱ ነው። በስድስት ዓይኑ እያለቀሰ ይሁዳንና የዩሊየስ ቄሳርን ገዳዮች ብሩቱስንና ካሲየስን ያኝካል፤ የይሁዳ ጭንቅላት አፉ ውስጥ ነው፣ እግሮቹ ውጭ ይንፈራገጣሉ። የሚያስፈራው ደግሞ አንድ ቃል አለመናገሩ ነው። ተናጋሪ ሰይጣንና የእሳት ባሕር ከፈለግህ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የሚልተንን የ1667 ግጥም «የጠፋችው ገነት»ን ጥቀስ።