ራቁቱን ይወርድ የነበረ ፏፏቴ

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡን ጭነን ከደሴ ወጣ ብለን ፏፏቴ አየን። ስሙን አልጠራም። ከጠራሁት በሚቀጥለው እሑድ ሁላችሁም መጥታችሁ ቦታ ታጣብቡናላችሁ። ወሎ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ።

ሚኒባስ ተከራየን። አሥራ አራት ሰው፣ ሁለት ድስት፣ ሙሉ ረከቦት፣ አንድ ፍራሽና የከበሮ ያህል የሚተልቅ ስፒከር ያዝን። የምንሄደው ውሃ ልናይ ስለሆነ የታሸገ ውሃም በብዛት ገዛን።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የመንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ አብረውን ሮጡ። የሚለምኑት ባዶ ጠርሙስ ነው። ውሃ ቀድተው ትምህርት ቤት ይሄዱበታል። አልሰጠናቸውም። መስኮት ከተከፈተ ነፋስ ይገባል፤ እትዬ ደግሞ ነፋስ አይስማማቸውም። ጠርሙሱንም ለማን እንደምንሰጠው ወስነን ነበር የወጣነው።

ለፏፏቴው።

በዚህ የሚያሙን አሉ። የአገራቸውን ወግ ስለማያውቁ ነው። የእኛ ሰው እኮ ባዶ እጁን ሰው ቤት አይሄድም። ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ አንድ ነገር አንጠልጥሎ ነው የሚገባ። ታዲያ ሰው ቤት ባዶ እጁን የማይሄድ ሕዝብ፣ ስንት ዘመን በትዕግሥት ሲወርድ የኖረ ፏፏቴ ጋ ባዶ እጁን ይሂድ?

ከእኛ በፊት የመጡት ደግሞ እንዴት እንዳሳመሩት! ቁጥቋጦው ሁሉ አብቧል። አንዱ ላይ ሰማያዊ ፌስታል፣ አንዱ ላይ ጥቁር፣ አንዱ ላይ የብስኩት ወረቀት። አደይ አበባ መስከረም ሲያልቅ ይረግፋል፤ ይሄ ግን ክረምት ከበጋ ነው። ድንጋዩ ሥር የጫት ገረባ ክምር አለ። ከክምሩ አጠገብ ዳይፐር፣ በሥርዓት የተጠቀለለ። ውሃው ድሮ ራቁቱን ነበር የሚወርደው። በስንት ቤተሰብ ፊት! አሁን ከወገቡ በታች ላስቲክ ለብሷል።

ድምፁንም አስተካከልንለት። ምስኪን፣ ሹውውው ከማለት ሌላ አያውቅም። ባቲንና አምባሰልን የሚያህል ቅኝት ያወጣ አገር ላይ ተቀምጦ አንድ ዜማ ብቻ! ስፒከሩን ከፈትንለት። ከወዲያ ያሉትም የራሳቸውን ከፈቱ። ሦስተኞቹ የመኪናቸውን አራት በር ከፍተው ሁላችንንም በለጡን። ከዚያ በኋላ ውሃው እየወረደ መሆኑን የምናውቀው በዓይናችን ብቻ ነበር። እሱንም ብዙዎቻችን አላየነውም፤ ፎቶ ስንነሳ ጀርባችንን ሰጥተነው ነበርና።

አንድ የአካባቢው ሽማግሌ መጡ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ ተጫወቱ» አሉን። «ብቻ ከብቶቼ የሚጠጡት ከዚሁ ነው።» «ኢንሻአላህ አጽድተን ነው የምንሄድ አባባ» አልናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ኢንሻአላህ አልን፤ ወሎ በዚህ አንለያይም። ሹፌራችን ይሄኔ ከላይ በኩል ሚኒባሱን በኦሞ እያጠበ ነበር።

ከምሳ በኋላ የስድስት ዓመቷ ልጄ ባዶ ሃይላንድ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ የት ልጣለው?» ትምህርት ቤት ልጅ የሚያበላሹት እንዲህ ነው። አጎቷ ፈጠን ብሎ «ወርውሪው፣ ውሃው ይወስደዋል» አላት።

አልዋሸም። ውሃው ይወስደዋል። ዞሮ ዞሮ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ረግረግ ላይ ይዘረጋል። ጨፋ በበጋ ስንት ከብት የሚነዳበት ሣር ነው። ከብት ደግሞ የድንች ልጣጭ የሸተተውን ፌስታል ከነልጣጩ ነው የሚውጠው። ከበሬ ጨጓራ ፌስታል ሲጎተት ያላየ ሥጋ ቤት አለ? ስለዚህ ጣሉት አትበሉን፤ አበደርነው እንጂ። ለበዓል በዱለት በኩል ይመለስልናል። ከጨፋ ያመለጠው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ከአሥራ አራታችን ጅቡቲ ድንበር የደረሰ የለም። ሃይላንዳችን ግን እንደ ልቡ ነው፣ ሻንጣ እንኳ አይዝም።

ቅርስም እኮ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ፤ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ የብራና ነው፣ እሳትና ምስጥ ይፈራል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። የእኛ ዳይፐር ጠባቂ አያሻውም።

ሕግ አለ የሚሉም አይጠፉም። አለ። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል ከልክሏል። በ2017 ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። የእኛዎቹ ቁጥቋጦው ላይ ያሉት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆኑ እንጃ። ማስመሪያ አልያዝንም ነበር። ፍራሽ ነው የያዝነው።

አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። እትዬ ወደ መኪናው ሲወጡ ዞር ብለው አካባቢውን ቃኙት። ፊታቸው ተቀያየረ።

«ኤዲያ! ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያዝረከርክ? አምና እንዴት ንጹሕ ነበር!» አሉና አፋቸውን የጠረጉበትን ሶፍት በመስኮት ለቀቁት። ነፋሱን ረስተውት ነበር።

ሁላችንም ተስማማን። እውነትም ቦታው ተበላሽቷል፤ ከእንግዲህ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣበት አይደለም። ሐረጎን ሳንጨርስ ሌላ ቦታ እንዲፈለግ ተወሰነ፤ አፈላላጊውም እኔ ሆንኩ። ስለዚህ ከደሴ ብዙ የማይርቅ፣ መኪና የሚያስገባ ንጹሕ ፏፏቴ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እስከ እሑድ ጠዋት ንጹሕ ከሆነ ይበቃናል።