ይክበሩልን የሱሉልታ ተጓዦች

ሰው ሁሉ ያማቸዋል፤ እኔ ግን ላመስግን። በየእሑዱ በአዲሱ ገበያ አድርገው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ወደ ሰሜን የሚነጉዱት ወገኖቼ የሚገባቸውን ክብር እስካሁን አላገኙም።

ጉዞው የሚጀምረው ሐሙስ ማታ፣ ስልክ ላይ ነው። «የሰሜን ጉዞ! ካምፒንግ! የዱር እንስሳት!» ይላል ፖስተሩ። ከጽሑፉ ጀርባ ዋልያ ገደል ጫፍ ላይ ቆሟል። መኪናው የሚቆመው ግን ሱሉልታ ነው፤ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሱሉልታ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ማንም ዋሻችሁ ሊላቸው አይችልም። ደግሞም ከዚያ ወዲያ ያለው የጎጃም መንገድ በዚህ ዘመን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፈሪ ለናቱ ነው።

ሜዳው ላይ ማለዳ ሯጮች ይሮጣሉ። ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለሳንባ ጥሩ ነው ይባላል። ወገኖቼ ሲደርሱ ሯጮቹ ጨርሰው ገብተዋል። ጸጥታው ያስፈራል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ደግሞ ለጤና ጥሩ ስላልሆነ የመኪናው አራቱም በር ይከፈታል፣ ስፒከሩ ይወርዳል፣ ላሞቹም በነጻ ኮንሰርት ያያሉ።

ቀጥሎ ድንኳኑ ይተከላል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ አዩት። ፈረሳቸውን ገታ አደረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው ያረፈው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም አባባ። ካምፒንግ ነው።»

ሽማግሌው ስፒከሩን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ሜዳው ላይ የተዘረጉትን ወጣቶች አዩ።

«እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ሄዱ።

ማገዶ ከቤት አይመጣም። አጠገብ የገበሬ ባሕር ዛፍ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ባሕር ዛፍን ከውጭ ያስመጡት ማገዶ ስላለቀ አይደል? እንግዲህ የሰው ባሕር ዛፍ መስበር የንጉሡን ራእይ ማስቀጠል ነው። እሳቱ ሣሩ ላይ ይነዳል፣ ጥብሱ ይጠበሳል፣ ሲሄዱም ሜዳው ላይ ጥቁር ክብ ትተው ይሄዳሉ።

የውሃ ፕላስቲኩን ነገር ግን በጥሞና ስሙኝ፤ ሰው የሚያማቸው በዚህ ነውና። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች አሉ። ውሃው እዚያው ከመሬት ይወጣል፣ እዚያው ይታሸጋል፣ አዲስ አበባ ወርዶ ይሸጣል። እሑድ ደግሞ በወገኖቼ መኪና ተመልሶ ይመጣል። ከአገሩ ወጥቶ የቀረ ስንት አለ! እነሱ ግን እያንዳንዱን ባዶ ፕላስቲክ ለአገሩ አፈር ያበቁታል።

ለገጠር ልጆችም ያስባሉ። የገጠር ልጅ መኪና ሲያይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያለ ሲሮጥ ያላየ የለም። ባዶውን ፕላስቲክ ለውሃም፣ ለወተትም፣ ለዘይትም ይይዝበታል። ወገኖቼ ልጁን ማስሮጥ ነውር መስሎ ስለታያቸው ሳይጠየቁ ይሰጣሉ። መስኮቱ ወረድ ይላል፣ መኪናው ፍጥነቱን አይቀንስም፣ ስጦታው ይወረወራል። ልጅ ባይኖርም ይወረወራል። አንዳንዴ ልጁን ግንባሩ ላይ ያገኘዋል፤ ቸርነት ሲበዛ የሚያጋጥም ነው።

ሕግ አያከብሩም የሚላቸው ደግሞ ያሳዝነኛል። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ቀድሞ ያከበረ ማን ሆነና? ቆሻሻቸውን በፌስታል ሰብስበው አያውቁም። እንዲሁ በእጃቸው ይጥሉታል።

ካምፒንጉ ጀንበር ሳትጠልቅ ያበቃል፤ ጅብ ይመጣላ። ፖስተሩ ላይ «የዱር እንስሳት» የተባለው እንግዲህ ማንም ሳያየው ማታ መጥቶ አጥንቱን ይለቃቅማል። ከጉዞው ተሳታፊዎች ሁሉ ጽዳት የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ፕላስቲክ አለመብላቱ ግን ቅር አሰኝቷል።

ደፈር ያሉት እስከ ደብረ ሊባኖስ ይዘልቃሉ፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። ገዳሙን ከመንገድ ሰላም ብለው ወደ ገደሉ አፋፍ ያልፋሉ። እዚያ ጭላዳ አለ።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ምግቡ ሣር ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመዶቹ መካከል በሣር የሚኖር እሱ ብቻ ቀርቷል። ቁጭ ይላል፣ በሁለት እጁ ይነጫል፣ እዚያ ያለው ሲያልቅበት ሳይነሳ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ሲመሽ ገደሉን ወርዶ ድንጋይ ላይ ያድራል። ይህን የመሰለ ኋላቀር ኑሮ አይቶ ዝም የሚል ጨካኝ ነው። ስለዚህ ሙዝ ተሰጠው። ብስኩት ተሰጠው። ቺፕስም ተሰጠው፣ ከነላስቲኩ። አሁን ሞተር ሲሰማ ሣሩን ጥሎ አስፋልት ዳር ተሰልፎ ይጠብቃል። እኛ ለታክሲ ለመሰለፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብን አስቡት።

አንዷ እህታችን አውራውን ለቪዲዮ ፈለገችው። ጎፈሩን ነስንሶ፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ቆዳ ቦግ ብሎ ተቀምጧል። ስልኳን አፍንጫው ሥር አስጠጋች። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ቅልብስ አደረገው፤ ሮዝ ድዱና ረጅም ክራንቻው ብቅ አለ።

«አያችሁት? ሳቀልኝ እኮ!»

ጭላዳ ሊያስፈራራ ሲፈልግም ከንፈሩን እንዲህ ይቀለብሳል። ቪዲዮው ግን ልብ ተደርድሮበት፣ ሙዚቃ ገብቶበት ማታውኑ ተለቀቀ። ከሥሩ «ሲያምር! እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል መዓት ነው።

የሚቀጥለው ፕሮግራም መናገሻ ሱባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ ኖረ የሚባል የጽድ ጫካ ነው። ጉሬዛ አለበት። የምኒልክ ድኩላም አለበት። ድኩላው ግን ዓይን አፋር ነው፤ ኮሽ ካለ ጫካው ውስጥ ይሰወራል። ወገኖቼ ይህን ሲሰሙ «ምስኪን፣ ሙዚቃ ሳይሰማ አድጎ ነው» ብለው በጣም አዘኑለት። ሁለተኛ ስፒከር ለመግዛት መዋጮ ተጀምሯል።