ካሰኖይ እና ካሰም፦ በአንድ የታሚል ቃል ላይ የሚፈጸም አደገኛ ስሕተት

በደቡብ ሕንድ ታሚል ቋንቋ ከሚነገርባት ከቼናይ ከተማ የባሕር ዳርቻ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ታምበረም ሊደርስ አንድ ጣቢያ ሲቀረው የሚቆምበት ስፍራ «ታምበረም ሳናቶሪየም» ይባላል። ስሙ የመጣው ዶክተር ዴቪድ ቻውሪ ሙቱ እ.ኤ.አ. በ1928 ለሳንባ ሕሙማን ከከተማው ወጣ ብለው ካቋቋሙት ማገገሚያ ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈር የመንግሥት የደረት ሕክምና ሆስፒታልም፣ ሲድሃ የተባለውን የታሚሎች ጥንታዊ ሕክምና የሚያስተምረው ብሔራዊ ተቋምም ጎረቤታሞች ናቸው። በእነዚህ ሁለት ግቢዎች ውስጥ ግን አንድ ሥር ያለው ቃል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይጠራል።

ቃሉ ካሰም ነው። ከእኛ «ካሳ» ጋር ድምፁ ቢቀራረብም ዝምድና የለውም፤ መነሻው የሳንስክሪቱ «ካሰ» ሲሆን ፍቺውም ሳል ማለት ነው። የሲድሃ ሐኪም «ሱዋሰ ካሰም» ሲል ትንፋሽ የሚያሳጥረውን፣ ደረት ውስጥ ሲር ሲር የሚለውን ሕመም ማለቱ ነው፤ እኛ አስም የምንለውን። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን በዚሁ ሥር ላይ በሽታ የሚል ትርጉም ያለውን «ኖይ» ጨምሮ «ካሰኖይ» ይላል፤ ይህም ቲቢ ነው። መዝገበ ቃላት ሳልን፣ አስምንና ቲቢን በአንዱ ቃል ሥር ጎን ለጎን ሲደረድሩ ከቋንቋ ታሪክ አንጻር አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የሚመጣው አስተርጓሚው ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ግቢ ውስጥ ቆሞ እንደሚናገር ሳይጠይቅ ከሦስቱ ፍቺዎች አንዱን መዝዞ ሲሰጥ ነው።

ይህን ተራ የቃላት ክርክር አድርጎ የሚመለከተው ሰው ካለ ሁለቱን ሕመሞች ያስተያያቸው። አስም አይተላለፍም፤ በሚሳብ መድኃኒት ይታገሣል። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ያለማቋረጥ ይወሰዳል፣ ሲቋረጥም በሽታው መድኃኒቱን የመልመድ ዕድል ያገኛል። «አስም ነው» ተብሎ የተነገረው የቲቢ ሕመምተኛ ወራት ያልፉበታል፤ በእነዚያ ወራት ደግሞ አብረውት የሚተኙት ልጆች ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ።

ታሚሎች ለቲቢ ሌላም አሮጌ ስም አላቸው፤ «ኤሉምቡሩኪ»፣ አጥንት የሚያቀልጥ ማለት ነው። ሂንዲ፣ ተሉጉ፣ ካነዳና ማላያላም የተባሉት የሕንድ ቋንቋዎች ለዚሁ በሽታ መመናመን ከሚል ትርጉም የተገኘውን «ክሸየ» መሠረት ያደረገ ስም ይዘዋል። እነዚህ ስሞች የሚናገሩት ሰውነቱ ያለቀን ሰው አይተው ነው። ካሰኖይ ግን ስሙን የወሰደው ከመጀመሪያው ምልክት፣ ከሳሉ ነው። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፤ ሰውን ገና በእግሩ ሳለ ወደ ምርመራ የሚጠራ ስም፣ ከአልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ከሚመጣ ስም ይሻላልና።

ቃሉ ከማገገሚያው ግቢ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት የገባበት መንገድም ሊታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1956 በያኔዋ ማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ የተቋቋመው የቲቢ ሕክምና ምርምር ማዕከል፣ ድሆች ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በማገገሚያ አስተኝቶ ግማሹን እቤታቸው ሆነው ተመሳሳይ መድኃኒት እንዲወስዱ አደረገ። በ1959 የታተመው ውጤት፣ መድኃኒቱ በአግባቡ እስከተወሰደ ድረስ አልጋና የተሻለ ምግብ የጎላ ልዩነት እንዳላመጡ አሳየ፤ በኋላ የታተመው ክትትልም የቤተሰቡ አባላት በዚህ የተነሣ ለበለጠ አደጋ እንዳልተጋለጡ አሳየ። የቲቢ ሕክምና በዓለም ዙሪያ ከማገገሚያ ወደ ቤት እንዲዞር ይህ ጥናት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሕመምተኛው ከጎረቤት ጋር ሲኖር የበሽታው ስምም ከጎረቤት ጋር ይኖራል፤ ስለዚህ በሹክሹክታ የሚባል ስም፣ በተለይ ላላገባች ሴት የሚደበቅ ስም ሆኖ መቅረት አይችልም ነበር።

ቼናይ ዋና ከተማዋ የሆነችው የታሚል ናዱ ግዛት መንግሥት በ2022 የጀመረውን ፕሮግራም «ካሰኖይ ኢረፒላ ቲተም»፣ ማለትም ሞት የሌለበት የካሰኖይ ዕቅድ ብሎ በግልጽ መሰየሙን የማደንቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቅዱ በምርመራ ዕለት እጅግ የተዳከሙትን፣ ያለ ድጋፍ መቆም የተሳናቸውን ሕሙማን ለይቶ ወዲያው ሆስፒታል ያስተኛል። ስሙን «TB» በሚሉ ሁለት የባዕድ ፊደላት ሸፍኖ ማለፍ ይቻል ነበር፤ አላደረጉትም።

እኛም በዚህ ነገር ልምድ አለን። የጡት ነቀርሳ ስንል ካንሰር፣ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ግን ቲቢ ማለታችን ነው። ለሕክምና ወደ ቼናይ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ እና አብሮት ያለው አስታማሚ ሁለቱንም ወጥመድ በአንድ ቀን ሊያገኙ ይችላሉ፤ በአንድ በኩል ካሰም፣ በሌላ በኩል ነቀርሳ። ለአስተርጓሚው የምመክረው የበሽታውን ስም ከመተርጎሙ በፊት ምልክቱን እንዲተረጉም ነው። ታሚል ነርሶች ይህን ያውቁበታል። በዕድሜ የገፋችውን ሴት «አማ» ብለው ከጠሩ በኋላ የሚያስቀድሙት ጥያቄ ካሰምንም ካሰኖይንም አያነሣም፦ «ኢሩመል ኤተነ ናላ ኢሩኩ?» ሳሉ ስንት ቀን ሆነው? መልሱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ አክታዋ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።